ከካርቱም የወጣው ደብዳቤ

በካርቱም ጦርነቱ ሲጀመር በአንድ የሕንፃ ግንባታ ላይ የፕሮግራምና የውል መሐንዲስ ነበርኩ። በሕይወት ወጥቻለሁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ስለ ጥይቱና ስለ ስደቱ የተናገሩ ብዙዎች ናቸው፤ ከእኔ የባሰ ያዩም አሉ። እኔ የምመሰክረው እምብዛም ስላልተነገረለት ጉዳይ ነው። ከተማ ሲፈርስ የግንባታ ውል ምን ይሆናል? ያልተከፈለው የሠራተኛ ደመወዝስ የት ይገባል? ዛሬም ተኩስ በሚሰማበት አገር መንገድና ሕንፃ የሚሠሩ ወገኖች አሉኝ። ለእነሱ ስል የሆነውን በቅደም ተከተሉ እጽፋለሁ።

ካርቱም የገባሁት በ2014 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት ጥቅምት 15 ቀን ጄኔራል አብዱልፈታሕ አል ቡርሃን የጠቅላይ ሚኒስትር አብደላ ሐምዶክን የሽግግር መንግሥት አፍርሰው ነበርና ከተማው በሰልፍ ይናጥ ነበር። ቀደም ብሎ በ2013 የካቲት የሱዳን ፓውንድ የመንግሥት ምንዛሪ በአንድ ጊዜ ከ55 ወደ 375 ለዶላር ወርዷል። በ2014 መግቢያ ደግሞ የቤጃ ተቃዋሚዎች የፖርት ሱዳንን ወደብ ለሳምንታት ዘግተው ነበር። የካርቱም ተቋራጮች መዘግየትን ከጦርነቱ በፊትም አሳምረው ያውቁታል።

የኛ ሳይት በደቡብ ካርቱም አርከዊት በሚባለው ሰፈር ነበር። ሥራው ባለ ስድስት ፎቅ የቢሮ ሕንፃ ነው። ተቋራጩ እኔ የምሠራበት ሱዳናዊ ድርጅት፣ አሠሪው የግል ባለሀብት ነበሩ። ውሉ የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የፊዲክ ቀይ መጽሐፍ ነው። ይህ መጽሐፍ በአማካሪ መሐንዲሶች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን የሚታተም የውል ሁኔታ ሲሆን፣ በእኛም አገር በትልልቅ መንገዶችና ሕንፃዎች ላይ የሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

የእኔ የዕለት ሥራ የግንባታውን ጊዜ መቆጣጠር ነበር። ሰልፍ በሚጠራበት ቀን ጸጥታ አስከባሪዎች ድልድዮቹን በኮንቴይነር ይዘጉ ነበር። የማክ ኒሚር ድልድይ ከተዘጋ ከወንዙ ማዶ ከባሕሪ የሚመጡት ግንበኞች ይቀራሉ፤ የነጭ ዓባይ ድልድይ ከተዘጋ ደግሞ ከኦምዱርማን የሚመጡት ፌሮ ሠሪዎች ይቀራሉ። እኔ ይህን ሁሉ በቀን መዝገብ ላይ እጽፋለሁ፤ ቀኑን፣ የሠራተኛውን ቁጥር በየሙያው፣ የተዘጋውን ድልድይ፣ የቆመውን ሥራ። ማታ ለአሠሪው ሥራውን የሚከታተለው የአማካሪ መሐንዲስ ተቆጣጣሪ ይፈርምበታል። ይህን ልማድ ያስያዙኝ ገና ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ ጎጃም ውስጥ በአንድ የመንገድ ሥራ ላይ አለቃዬ የነበሩ ሰው ናቸው። ያልተፈረመ መዝገብ አይቀበሉም ነበር።

ድልድይ በተዘጋ ቁጥር በውሉ ላይ ጊዜ አይጨመርም። ያ ቀን አርማታው ውኃ እየጠጣ የሚጠነክርበት ከሆነና ሌላ ሥራ ካልጠበቀው፣ ድልድዩ ቢዘጋም ሕንፃው የሚያልቅበት ቀን አልተነካም። ጊዜ የሚጠየቀው ክሪቲካል በምንለው መስመር ላይ ላለ ሥራ ነው፤ አንዱ ሲዘገይ መጨረሻውን ይዞ የሚሄደው እሱ ነው። ስለዚህ መዝገቡ ላይ ከቀኑ አጠገብ የተነካውን ሥራ የፕሮግራም ቁጥር እጽፍ ነበር።

በ2015 ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ሶሌታው ሁሉ ተሞልቶ፣ ግድግዳው ተገንብቶ፣ በታችኞቹ ፎቆች ልስን እየተሠራ ነበር። ሥራው ከፕሮግራሙ ወደ ኋላ ቀርቷል። ከፊሉ የአሉሚኒየሙ ንድፍ ከአማካሪው ዘንድ ዘግይቶ ስለጸደቀ ነው፤ ከፊሉ ደግሞ የኛ ነው፣ በረመዳን የሚበቃ ለሳኝ አላገኘንም። ሁለቱን በተለያየ ገጽ እይዛቸው ነበር። አሠሪው የመዘግየት መቀጫ ሊቆርጥ እንደሚችል በጽሑፍ አሳውቆናል። የመጋቢት ክፍያ ገና አልተጸደቀም፤ የሠራተኛው የመጋቢት ደመወዝም በዚያው ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ሚያዝያ 7 ቀን ቅዳሜ ነው። ለእኛ ቅዳም ሹር፣ ለሱዳኖቹ የረመዳን 24ኛ ቀን። ሳይቱ ላይ የነበርነው አብዛኞቻችን ጾመኞች ነበርን። ፀሐይ ሳይበረታ ለመሥራት በጧት ገብተናል። ከጧቱ 3 ሰዓት ገደማ ከስፖርት ከተማው አቅጣጫ ከባድ መሣሪያ ተሰማ፤ ወዲያው ከአውሮፕላን ማረፊያው በኩል ጢስ ተነሣ። የአል ቡርሃን ጦርና የጄኔራል መሐመድ ሐምዳን ደጋሎ ፈጥኖ ደራሽ ኃይል ውጊያ ጀምረዋል። ፎርማኑ ሁሉንም ሰው ከላይ ፎቅ አስወርዶ ምድር ቤት አስገባን። ፈራሁ፤ ይህን አንድ ጊዜ ተናግሬ አልፈዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ ተኩሱ ሲላላ በውስጥ ለውስጥ መንገድ ወጣን። ከሳይት ቢሮው የቀን መዝገቦቹን፣ ውሉንና ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን የገለበጥኩበትን ዲስክ ይዣለሁ። ዴም በሚባለው ሰፈር የሚኖሩት ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ወደ ቤታቸው መሻገር ስላልቻሉ ሰሐፋ ሰፈር ካለው የእኔ ቤት አደሩ። የሳይቱ ጠባቂ፣ ሁላችንም ዓሚ የምንላቸው የኮርዶፋን ሽማግሌ፣ አልወጣም ብለው ቀሩ።

ፋሲካን በፉልና በደረቅ ዳቦ ፈሰክን። መብራት ጠፋ፣ ውኃም ተከተለ። ማዶ ያሉት ሱዳናዊት እናት ከጣሪያቸው ታንከር ለሁላችንም ውኃ ይሰጡን ነበር። ልጆቻቸው ጾመኛ፣ እሳቸውም ጾመኛ ሆነው የውኃውን ባልዲ በበራችን አስቀምጠው ይመለሳሉ። ውለታቸውን የሚከፍላቸው እግዚአብሔር ነው።

በእነዚያ ቀናት መዝገቡን መጻፌን አላቆምኩም። ሳይቱ ድረስ መሄድ ይቻል እንደሆነ፣ ከየት አቅጣጫ ተኩስ እንደተሰማ፣ ኔትወርክ ሲመጣ ዓሚ በስልክ የነገሩኝን እጽፋለሁ። አንድ ቀን የታጠቁ ሰዎች በፒክአፕ ገብተው ጄኔሬተሩንና የመዳብ ኬብሉን እንደጫኑ ነገሩኝ። ቀኑንና ሰዓቱን ጻፍኩ። የሚፈርም ተቆጣጣሪ ስለሌለ አብረውኝ ካሉት ሠራተኞች ሁለቱ በእማኝነት ፈረሙ።

የኢድ በዓል ሚያዝያ 13 ዓርብ ነበር፤ በተኩስ ውስጥ አለፈ። ከሚያዝያ 16 ሌሊት ጀምሮ ለ72 ሰዓት ተኩስ ይቆማል ሲባል በማግስቱ አውቶቡስ አግኝተን ወጣን። የትኬቱ ዋጋ ከወትሮው ብዙ እጥፍ ሆኗል። በየኬላው ወርደን ተፈተሽን። አንዱ ታጣቂ መዝገቤን ገልጦ አየና የሲሚንቶ ከረጢት ቁጥር ሲያገኝ መለሰልኝ። ገዚራ ስንደርስ የመንደሩ ሰዎች መንገድ ዳር ወጥተው ውኃና ተምር ያድሉ ነበር፤ ገንዘብ የሚቀበል አልነበረም።

ዋድ መደኒ ስንደርስ ኔትወርክ ነበረ። ለቤተሰቦቻችን ደወልን፤ ከዚያም ውሉን ገልጬ አንቀጽ 19ን አነበብኩ። ይህ አንቀጽ ከዐቅም በላይ ስለሆነ ሁኔታ ይናገራል። የእርስ በርስ ጦርነትን በስሙ ይጠራል። ነገር ግን ጦርነት መኖሩ ብቻውን አይበቃም። የተቸገረው ወገን ሁኔታውን ባወቀ በ14 ቀን ውስጥ፣ የትኛውን ግዴታ እንዳይፈጽም እንደከለከለው ዘርዝሮ ማስታወቅ አለበት። አንቀጽ 20.1 ደግሞ የጊዜና የገንዘብ ጥያቄ ማስታወቂያ በ28 ቀን ውስጥ ካልተሰጠ ጊዜውም አይራዘምም፣ ተጨማሪ ገንዘቡም አይከፈልም፣ አሠሪውም ከኃላፊነት ነፃ ይሆናል ይላል። ሚያዝያ 7 ላይ 14 ሲደመር ሚያዝያ 21 ነው። የቀረን ጥቂት ነበር።

ማስታወቂያውን መፈረም የሚችለው የተቋራጩ ተወካይ፣ የፕሮጀክቱ ሥራ አስኪያጅ ነው። ቤተሰቡን ይዞ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሸንዲ ወጥቷል። ደጋግሜ ደውዬ አገኘሁት። ድምፁ የደከመ ሰው ድምፅ ነበር። «ባሽሙሃንዲስ (ኢንጂነር)፣ ተወው» አለኝ። «ሰው እየሞተ ነው። አማካሪው ቢሮውን ዘግቷል፤ አሠሪው የት እንዳለ አይታወቅም። ይህን ማን ያነበዋል? ጦርነቱን ዓለም ሁሉ ያየው የለም ወይ?» መልስ አልነበረኝም። እውነቱን ነበር። በዚያ ሰዓት ስለ አንቀጽ ማውራት ለሙታን ክብር ማጣት መስሎ ተሰማኝ። ስልኩን ዘጋሁና ውሉን ወደ ቦርሳዬ መለስኩ።

ያደርነው አንድ የመደኒ ነዋሪ በከፈተልን ግቢ ነው። ማታ ከፌሮ ሠሪዎቹ አንዱ፣ የሰሜን ጎንደር ልጅ፣ ከጎኔ መጥቶ ተቀመጠ። እጁ ላይ የልጅ ደብተር አለ። የእሱንና የጓደኞቹን የሥራ ቀን በየወሩ እየቆጠረ ይጽፍበት ነበር። «ኢንጂነር፣ ይቅርታ፣ ጊዜው አይደለም» አለ። «የመጋቢቱና የሚያዝያ መግቢያው ይቀራል ማለት ነው? ቤት ላሉት ምን ብዬ ልደውል?»

ደብተሩን ተቀብዬ ከእኔ መዝገብ ጋር አስተያየሁት። ቀኖቹ አንድ ናቸው። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። ማስታወቂያው ካልተላከ ውሉ ላይ የሚታየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቀድሞም የዘገየ ተቋራጭ ሳይቱን ጥሎ ሄዷል። መቀጫው በየቀኑ ይቆጠራል። የውል ማስከበሪያ ዋስትናው ባንክ ዘንድ ይጠየቃል። ያልተጸደቀው ክፍያ በመቀጫው ይጣፋል። ያ ክፍያ ውስጥ ያለው ደግሞ የዚህ ልጅ ደብተር ነው። ዓለም ሁሉ ጦርነቱን አይቷል፤ ፌሮ ሠሪውን ግን ማንም አላየም። እሱን ሊያሳይ የሚችለው በጊዜው የደረሰ ወረቀት ብቻ ነው። ሙታንን ማክበርና የሕያዋንን ደመወዝ መጠበቅ እንደማይጣሉ ያወቅሁት በዚያ ግቢ ውስጥ ነው።

በዚያው ሌሊት በስልክ መብራት ጻፍኩ። አጭር ደብዳቤ ነው። ሁኔታው የተጀመረበትን ቀንና ሰዓት አስቀመጥኩ። አንቀጽ 19.2ንና 20.1ን ሁለቱንም ጠራሁ፤ አንዱን ብቻ ጠርቶ ሌላውን መርሳት ብዙ ተቋራጭ ያስከፈለ ነገር ነውና። እንዳንፈጽም የተከለከልነውን በዝርዝር ጻፍኩ፦ ወደ ሳይቱ መግባት፣ ሠራተኛ ማቅረብ፣ ዕቃ ማጓጓዝ፣ ሳይቱን መጠበቅ፣ ወርኃዊ ሪፖርት ማቅረብ። ተቆጣጣሪው መጨረሻ የፈረመው ሐሙስ ሚያዝያ 5 ቀን ነበርና ሥራው በዚያ ዕለት የት እንደደረሰ ከመዝገቡ ገለበጥኩ። የተዘረፈውን ጄኔሬተርና ኬብል ከነቀኑ አስገባሁ።

አንድ ቦታ ላይ ረጅም ጊዜ ቆየሁ። ቀድሞ የነበረውን መዘግየት ምን ልበለው? ከአንድ ሠራተኛ በቀር ሁሉም ተኝቷል፤ እሱም የሒሳብ ሠራተኛችን ነበር። «ሁሉንም ከጦርነቱ ጋር ደባልቀህ ብትጽፈው ማን ያውቃል?» አለኝ። አልፈለግሁም። የለሳኝ እጥረቱ ከሚያዝያ 7 በፊት እንደነበረና የኛ እንደሆነ፣ የአሉሚኒየሙ ንድፍ መዘግየት ደግሞ በፊት በላክነው ማስታወቂያ የተጠየቀ እንደሆነ ለይቼ ጻፍኩ። ጦርነቱ ያላመጣውን በጦርነቱ ላይ አልጫንኩም። በኋላ እንዳየሁት ከደብዳቤው ሁሉ የበለጠ የሠራው ይህ ክፍል ነው።

ቀጥሎ መላኪያው አለ። የአማካሪው ቢሮ በር ላይ የሚቀበል የለም። የውሉን አባሪ አየሁ፤ በኢሜይል መላክ እንደሚቻል አድራሻው ተጽፎ ተስማምተውበታል። ይህ መስመር ባዶ የተተወባቸው ውሎች ብዙ ናቸው። ጧት ላይ ለሥራ አስኪያጁ ደውዬ ስለ ልጁ ደብተር ነገርኩት። ዝም አለ። ከዚያ «ላክልኝ» አለ። አነበበው፤ አንድ ቃል አስተካከለ፤ በስሙ ከራሱ አድራሻ ለአማካሪውና በግልባጭ ለአሠሪው ላከው። ሚያዝያ 20 ቀን ነበር፤ በውሉ አቆጣጠር ኤፕሪል 28 ቀን 2023።

ከመደኒ ወደ ገዳሪፍ፣ ከገዳሪፍ ወደ ገላባት ሄደን መተማ ገባን። ድንበሩ ላይ የሱዳኑም የኢትዮጵያውም የሌላውም አገር ሰው ሜዳው ላይ ተኮልኩሏል። ፀሐዩ ከባድ ነበር። የመተማ ዮሐንስ ሰው እንጀራ ይዞ ወጣ። ጎንደር ስንደርስ ከሠራተኞቹ ጋር ተለያየን፤ የየአንዳንዳቸውን ስልክና የቤተሰብ ስልክ በመዝገቡ ጀርባ ጻፍኩ።

አማካሪው መልስ የሰጡት ከሳምንታት በኋላ ከካይሮ ነው። ደብዳቤው ኤፕሪል 28 እንደደረሳቸው አረጋገጡ። ችግሩ ስለቀጠለ ውሉ እንደሚያዘው በየወሩ ተጨማሪ ሪፖርት ላክን። የ1999ኙ መጽሐፍ እንዲህ ያለ ሁኔታ ሥራውን በሙሉ ያህል ለ84 ተከታታይ ቀናት ካስቆመ ከሁለቱ ወገኖች ማንኛውም ውሉን ማቋረጥ ይችላል ይላል። ያ ቀን ሐምሌ 1 ነበር። ሥራ አስኪያጁ ማስታወቂያውን ሰጠ፤ ውሉ በሰባት ቀን ተዘጋ። አንቀጽ 19 ተቋራጩን ጦርነቱ ካመጣው መዘግየት መቀጫ ያወጣዋል፤ የሠራውን ሥራ ዋጋም ያስከፍለዋል። ሠራተኛን ወደ አገሩ የመመለስ ወጪም በውስጡ አለበት።

ጎንደር ሆኜ የመጨረሻውን ሒሳብ እያዘጋጀሁ ሳለ ሐምሌ 28 ቀን በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ጎንደር ላይም ኢንተርኔት ተቋረጠ። መንገድ ሲከፈት ሰነዱን ይዤ አዲስ አበባ ሄድኩና ከዚያ ላክሁት።

ክርክሩ ከዓመት በላይ ፈጀ። የአሠሪው ጠበቃ መጀመሪያ ላይ መዘግየቱ ሁሉ የተቋራጩ ነው አለ። አማካሪው ደብዳቤያችንን አንሥተው፣ ተቋራጩ የራሱን ድርሻ በመጀመሪያው ቀን አምኗል፣ ስለዚህ የቀረውን አምነዋለሁ ብለው ወሰኑ። ለለሳኝ እጥረቱ መቀጫ ከፈልን፤ ተገቢ ነበር። ለንድፉ መዘግየት ጊዜ ተሰጠን። ከሚያዝያ 7 በኋላ ያለው ከመቀጫ ወጣ። ዋስትናው ሳይወረስ ተመለሰ። የተዘረፈውን ዕቃ በተመለከተ ኢንሹራንሱ ጦርነትን ስለማይሸፍን አልከፈለም። አሠሪውም ብዙ የጠፋበት ሰው ነው፤ ክፍያውን ከፖርት ሱዳን በከፊል በከፊል ላከ።

ደመወዙ የተከፈለው እንደየሰው ነው። ለሱዳናውያኑ ባንካክ በሚባለው የስልክ ባንክ፣ ለኢትዮጵያውያኑ በእኔ በኩል። ፌሮ ሠሪው የሁለቱንም ወር ተቀብሏል። ከኦምዱርማን ይመጡ የነበሩ ሠራተኞች ግን ሁሉም አልተገኙም፤ የእነሱ ገንዘብ በስማቸው ተቀምጧል። መደኒ ላይ ግቢያቸውን ከፍተው ያሳደሩን ሰው ከተማዋ በ2016 ታኅሣሥ በፈጥኖ ደራሹ እጅ ስትወድቅ ዳግመኛ ተሰደዋል። ጦሩ ካርቱምን በ2017 መጋቢት ሲያስመልስ ዓሚ ወደ ሳይቱ ሄደው አይተውታል። ምሰሶውና ሶሌታው ቆሟል፤ ሽቦው ከግድግዳው ውስጥ ሳይቀር ተነቅሏል።

በአገራችንም ግጭት ባለበት ቦታ የምትሠሩ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1793 ጦርነትን እንደ ሁኔታው ከዐቅም በላይ ከሆኑት ኃይሎች ይቆጥረዋል፤ ቁጥር 1794 ግን የጥሬ ዕቃ ዋጋ መናርን አይቆጥረውም። ሁለቱን አትደባልቁ። ውላችሁን ዛሬ ገልጣችሁ የማስታወቂያውን ቀን ቁጠሩ፤ ኢሜይል በአባሪው ላይ ካልተጻፈ አሁኑኑ አስጽፉ። ኢንተርኔት ከሌለ በእጅ አድርሱና በቀሪው ላይ ማኅተምና ፊርማ አስደርጉ። የመዝገቡን ቅጂ ከሳይቱ ውጭ፣ ከከተማውም ውጭ ሰው ዘንድ አስቀምጡ። የቀን ሠራተኛውን ስምና የቤተሰቡን ስልክ መዝገቡ ውስጥ አስገቡ።